አምስት ጨዋታና አንድ ደብዳቤ



በየዓመቱ በዚህ መጽሔት የስፖርት ገጽ ላይ የዋንጫና የግብ ቁጥር እናትማለን። ዘንድሮ ግን ቁጥሩ ሲታይ ከቁም ነገር የማይገባ አንድ ተጫዋች ላስተዋውቃችሁ።

ዌልዲ ዎከር ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1860 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት የተወለደ ጥቁር አሜሪካዊ ሲሆን በኦበርሊን ኮሌጅ ተምሯል። ጨዋታው ቤዝቦል ነው፤ ሥራውም ከሜዳው ዳር ቆሞ ርቆ የተመታውን ኳስ መያዝ ነበር። በ1884 ወንድሙ ፍሊት በሚጫወትበት የቶሊዶ ቡድን በትልቁ ሊግ ተሰለፈ። አምስት ጨዋታ ብቻ! ዱላ ይዞ ከቀረበባቸው 18 ጊዜያት በ4ቱ ተሳካለት። በትልቁ ሊግ የነበረው ታሪክ በዚሁ አበቃ።

ከዚያ ወዲህ በሩ በጥቁር ተጫዋቾች ላይ እየተዘጋ ሄደ። በ1888 አንድ አነስተኛ ሊግ ጥቁሮችን ማስፈረም የሚፈቅደውን ደንብ መሻሩን ዌልዲ ሰማ። ለሊጉ ፕሬዚዳንት ደብዳቤ ጻፈ፤ «ስፖርቲንግ ላይፍ» ጋዜጣም አተመው። የምጽፈው የራሴ እንጀራ ስለተነካ አይደለም አለ። ተጫዋች የሚከለከል ከሆነ በችሎታ፣ በጠባይ ወይም በአስተዋይነት ጉድለት ይሁን እንጂ በቀለሙ አይሁን ሲል ተከራከረ። ውሳኔው እንደገና እንዲታይም ጠየቀ።

ጃኪ ሮቢንሰን ለብሩክሊን ዶጀርስ ተሰልፎ የትልቁን ሊግ በር የከፈተው በ1947 ነው። ዌልዲ ከዚያ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ ሞቷል።

«ታዲያ ደብዳቤው ምን ጠቀመ?» የምትሉ አትጠፉም። እኛም «ዝም አይነቅዝም» እየተባልን ነው ያደግነው። ተረቱ ለሐሜትና ለጠብ ልክ ነው፤ ለበደል ግን አይሆንም። ዝም የተባለ በደል ውሎ አድሮ ደንብ ይሆናል። ደብዳቤው ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ አልፎትም ይነበባል። በእኔ እምነት፣ ከዌልዲ አምስት ጨዋታዎች ይልቅ ይህች አንዲት ደብዳቤ ትበልጣለች።

ስለዚህ ውጤቴ አላግባብ ተቀነሰ፣ ከቡድን ያለ ምክንያት ቀረሁ የሚል ተማሪ በየጥጉ አያጉረምርም፤ ጽፎ ይምጣ። ምን እንደተደረገ፣ ለምን ትክክል እንዳልሆነ፣ ምን እንዲስተካከል እንደሚፈልግ በጨዋ ቃል ያስፍር። እኛ መምህራንም አቤት ያለን ልጅ «ምላሰኛ» ማለታችንን እንተው። ይህን ካላደረግን፣ ጽሑፍ አስተምረናል ማለት አንችልም።

መልካም የዕረፍት ጊዜ።