አባቴ ለልጄ «ላስት ኔም» ብቻ ነበር

ሎስ አንጀለስ በምኖርበት ሕንፃ ያሉት ሜክሲኳዊት እናት «ነገ ማታ እኛ ቤት ና፤ ባለቤቴ ይመጣል» ሲሉኝ ክው አልኩ። ባለቤታቸው ከሞቱ ሰባት ዓመት አልፏቸዋል!

ነገሩ በኋላ ነው የገባኝ። ሜክሲኳውያን በየዓመቱ ኖቬምበር 1 እና 2 የሙታን ቀን ያከብራሉ፤ «ዲያ ዴ ሙዌርቶስ» ይሉታል። የመጀመሪያው ቀን በልጅነታቸው ለሞቱት፣ ሁለተኛው ለአዋቂዎቹ ነው። ዩኔስኮም በፈረንጆቹ 2008 በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል።

ሳሎኑ ጥግ ላይ የሟቹ ፎቶ ተቀምጧል። ዙሪያውን ሻማ፣ ጨው፣ ለዕለቱ የሚጋገር ጣፋጭ ዳቦና ብርቱካናማ አበባ አለ። አበባው በቀለሙና በሽታው መንገድ ይመራቸዋል ይባላል። አንድ ብርጭቆ ውሃም አለ፤ ከሩቅ መንገድ የመጣ ሰው ይጠማዋላ! ኮፓል የሚባለው ሙጫ ሲጨስ ደግሞ ዓይኔን ብጨፍን እናቴ ቤት ቡና የሚፈላ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ወሬ ተጀመረ። ለቅሶ አይደለም፣ ወሬ። ሰውዬው ጭፈራ እንደማይችሉ፣ ሰርግ ላይ ግን ማንም እንደማያስቀምጣቸው። አያቱን አይቷቸው የማያውቅ የአምስት ዓመት ልጅ ቀልዱን ከትልልቆቹ ቀድሞ ይጨርሰዋል።

«አንተስ የማንን ፎቶ ይዘህ መጣህ?» አሉኝ። ስልኬን አወጣሁ። የአባቴን ፎቶ ለማግኘት ወደ ኋላ ብዙ መሄድ ነበረብኝ። ሲያርፍ ፌስቡክ ላይ የለጠፍኩት ነው፤ ብዙ ሰው «ነፍስ ይማር» ብሎልኛል። ከዚያ ወዲህ ስሙን መቼ እንደጠራሁት ማስታወስ አቃተኝ። ልጄ የአያቷን ስም የምታውቀው እዚህ አገር «ላስት ኔም» ሆኖ ስለተመዘገበላት ብቻ ነው።

«ይሄማ ሙት መሳብ ነው» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እምነታቸውን ተቀበሉ አላልኩም፤ እኔም የአባቴ ነፍስ ዳቦ ፍለጋ ትመጣለች ብዬ አላምንም። ደግሞስ እኛ አርባ አለን፣ ተዝካር አለን፣ ሙት ዓመት አለን። ችግራችን ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ ነው። ሟቹን ማንሳት ቁስል መቀስቀስ ይመስለናል። «ኧረ አታስታውሷት» እንባባላለን። ሐዘንተኛዋን የጠበቅናት መስሎን ሟቹን ከቤት እናስወጣዋለን። ልጆች ደግሞ ያልተወራላቸውን ሰው ከየት ያውቁታል?

ስለዚህ ስልካችሁ ውስጥ የተቀበረውን ፎቶ አሳትሙና ግድግዳ ላይ ስቀሉት። ቡና ሲፈላ ስማቸውን ጥሩ፤ የሚያስቀውንም የሚያናድደውንም አውሩ። ወላጆቻችሁ በሕይወት ካሉ ስለ አያቶቻችሁ ጠይቋቸውና ድምፃቸውን ቅዱ።

እኔ ጀምሬያለሁ። ባለፈው እሁድ ለልጄ አያቷ ዝናብ ሲመጣ ጫማውን አውልቆ፣ በብብቱ ሸጉጦ ይሮጥ እንደነበር ነገርኳት። ስቃ ስቃ «ለምን?» አለችኝ።

ጫማው እንዳይበላሽ ነዋ!