ወደ አዳራሽ መምጣት ስላልቻሉ ሽማግሎች

ሰው በሕይወቱ ዘመን ሁለት ጊዜ የሌላ ሰው እጅ ያስፈልገዋል፤ እነዚህም ጊዜያት ሕፃንነትና ሽምግልና ናቸው። ሕፃን ወድቆ ቢያለቅስ የሚያነሣው አይታጣም፤ ጩኸቱ ራሱ መልእክተኛ ሆኖ ረዳት ይጠራለታልና። ሽማግሌ ግን ብዙ ጊዜ ድምፅ ሳያሰማ ይወድቃል፤ ችግሩንም ለሰው መናገር ያፍራል። ስለዚህ ሕፃንን ለመርዳት ርኅራኄ ቢበቃ እንኳ፣ ሽማግሌን ለመርዳት ከርኅራኄ ጋራ ማስተዋልና ሥርዓት ያስፈልጋል።

የሲዳማ ክልል ዋና ከተማ በሆነችው በሐዋሳ ባህል አዳራሽ የሚባል የሕዝብ መሰብሰቢያ አለ። እንዲህ ባለ አዳራሽ ጉባኤ ይደረጋል፤ በዓል ይከበራል፤ ሽማግሎችም የክብር ልብሳቸውን ለብሰው በፊተኛው ወንበር ይቀመጣሉ። ሕዝቡም ይነሣላቸዋል፤ ምርቃታቸውንም አሜን ብሎ ይቀበላል። ይህ መልካም ነገር ነው፤ ሽማግሌ የማይከበርበት አገር መሠረቱ የተናጋ ቤት ነውና። ነገር ግን አስተዋይ ሰው የተቀመጡትን ካየ በኋላ፣ ያልመጡትስ የት አሉ ብሎ ይጠይቃል። እግሩ የማይታዘዝለት፣ ዐይኑ የጠፋበት፣ ንጹሕ ልብስ የሌለው፣ እጁን ይዞ የሚመራው ልጅ ያጣ ሽማግሌ በፊተኛው ወንበር አይገኝም። እንግዲህ ክብሩን የሚቀበለው አንዱ ሽማግሌ ነው፤ እርዳታው የሚያስፈልገው ግን ሌላው ነው። ሽማግሎችን የመርዳት ሥራ በአዳራሽ ሊጀመር ይችላል፤ በአዳራሽ ግን ሊፈጸም አይችልም።

የሲዳማ ሕዝብ ይህን ከጥንት ጀምሮ ያውቀዋል። የዘመን መለወጫው በዓል ፍቼ ጨምበላላ ይባላል፤ ቀኑንም አያንቶ የሚባሉ ዐዋቂዎች ከዋክብትን ተመልክተው ይወስናሉ። በአፍ ሲወርድ ሲዋረድ እንደ መጣው ታሪክ፣ በዓሉ የአንዲት ሴት መታሰቢያ ነው። ይህች ሴት ካገባች በኋላ በዓመት አንድ ጊዜ ወላጆችዋንና ዘመዶችዋን ልትጠይቅ ትሄድ ነበር፤ ስትሄድም ከእንሰት፣ ከወተትና ከቅቤ የተሠራ ቡርሳሜ የሚባል ምግብ ትወስድ ነበር፤ ያም ምግብ ለጎረቤት ይዳረስ ነበር። በበዓሉ ጊዜ የጎሳ መሪዎች ሕዝቡን ይመክራሉ፤ ተግቶ መሥራትን፣ ሽማግሎችን ማክበርና መደገፍን ያዝዛሉ፤ አገር በቀሉን ዛፍ ከመቍረጥ፣ ከስንፍና፣ ከልመና፣ ከሐሰት ምስክርነትና ከስርቆት መራቅን ያስተምራሉ። ይህን በዓል ዩኔስኮ የተባለው የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት በ2008 ዓ.ም. በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ጽፎታል።

ከዚህ ታሪክ ሦስት ነገር ልብ ማለት ይገባል። መጀመሪያ፣ ያች ሴት ሽማግሎቹን ወደ እርስዋ አልጠራችም፤ ራስዋ ወደ እነርሱ ሄደች። ሁለተኛ፣ ባዶ እጅዋን አልሄደችም። ሦስተኛ፣ የወሰደችው ምግብ ለዘመድ ብቻ አልቀረም፤ ለጎረቤትም ደረሰ። የመሪዎቹም ምክር ሽማግሌን መደገፍንና ከልመና መራቅን አጣምሮ የያዘ ነው። ጥበቡም ግልጽ ነው፤ ሽማግሎቹን የሚደግፍ መንደር ሽማግሎቹን ለልመና አያወጣም።

ይሁን እንጂ ዘመኑ ተለውጧል። ሐዋሳ በ1952 ዓ.ም. ገደማ በሐይቁ ዳር የተቈረቈረች ወጣት ከተማ ናት። በ2008 ዓ.ም. ትልቁ የኢንዱስትሪ ፓርክ ከተመረቀ በኋላ፣ በሺህ የሚቈጠሩ ወጣቶች፣ ይልቁንም ልጃገረዶች፣ ከገጠር ወደ ሥራው መጥተዋል። ለሥራ መምጣታቸው የሚነቀፍ አይደለም፤ ብዙዎቹም ከደመወዛቸው ቀንሰው ለወላጆቻቸው ይልካሉ። ነገር ግን ገንዘብ ውሃ አይቀዳም፤ የታመመውንም ደግፎ አያነሣም። በገጠር የቀረው ሽማግሌ ጉልበት የሚሆነውን ልጅ ያጣል፤ ልጁን ተከትሎ ወደ ከተማ የመጣውም ቢሆን በኪራይ ክፍል ውስጥ ቀኑን ብቻውን ይውላል።

የጡረታ ገንዘብም ለሁሉ የሚደርስ አይደለም። ለመንግሥት ሠራተኛ የጡረታ ሕግ በንጉሡ ዘመን በ1950ዎቹ ወጥቶለታል፤ ለግል ድርጅት ሠራተኛም በ2003 ዓ.ም. ታውጆለታል። ገበሬው፣ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ እንጀራ እየጋገረች ልጆች ያሳደገችው ባልቴት ግን ዕድሜ ልካቸውን ሠርተው ሲያበቁ የሚቀበሉት ጡረታ የላቸውም። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ41ኛው አንቀጽ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን፣ አካል ጉዳተኞችንና ወላጅ የሌላቸውን ሕፃናት እንዲረዳ ያዝዛል። በ1997 ዓ.ም. ልማታዊ ሴፍቲ ኔት የተባለው እርዳታ በገጠር ተጀመረ፤ በ2009 ዓ.ም. ደግሞ በ11 ከተሞች ሲጀመር ሐዋሳ አንዷ ነበረች። ጉልበት ያለው ድኻ እየሠራ ይከፈለው ዘንድ፣ መሥራት የማይችለውም እንዲያው ይረዳ ዘንድ ተደነገገ። ይህ ሁሉ የሚመሰገን ነው፤ ነገር ግን መንግሥት የሚያየው በመዝገብ የተጻፈውን ነው። ጭስ ያልወጣበትን ቤት የሚያይ ጎረቤት ነው።

እንግዲህ ጎረቤትን በሥርዓት ያሰባሰበ ማኅበር ከተፈለገ ሩቅ መሄድ አያሻም፤ ዕድር አለና። ዕድር ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፤ የአባላቱን ስም በመዝገብ ይይዛል፤ በየወሩ መዋጮ ይሰበስባል። ሰው በሞተ ጊዜ ጡሩምባ ይነፋል፤ ድንኳን ይተከላል፤ ወንበርና ድስት ይቀርባል፤ ንፍሮ ይቀቀላል፤ ከቀብር የቀረም ሰው መቀጫ ይከፍላል። ይህ ታላቅ ሥርዓት ነው። ሆኖም ጡሩምባው የሚነፋው ለሞተ ሰው ነው። በሕይወቱ ሳለ ሦስት ቀን እሳት ያልነደደለት ሽማግሌ፣ በሞተ ጊዜ ሰፊ ድንኳን ይተከልለታል፤ በደጁ ሲያልፍ አንድ ቀን ያልጠየቀው ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ያለቅስለታል። ለሬሳ የሚበቃ ድንኳን ያለው ሰፈር ለሕያው የሚበቃ እንጀራ አጣ ቢባል ማን ያምናል?

ዕድር ለሕያዋን መሥራት እንደሚችል የታየ ነገር ነው። በ1990ዎቹ ዓመታት ኤች አይ ቪ ብዙ አባቶችንና እናቶችን በነጠቀ ጊዜ፣ በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ያሉ አንዳንድ ዕድሮች መቅበር ብቻ እንደማይበቃ ተረዱ። ደንባቸውን አሻሽለው የታመሙትን መጠየቅና ወላጅ የሞተባቸውን ልጆች መርዳት ጀመሩ። በዚያ ወራት ብዙ አያቶች ልጆቻቸውን ቀብረው የልጅ ልጆቻቸውን ለማሳደግ ተገደዱ፤ ስለዚህ ሕፃኑን የረዳ ዕድር አሮጊቲቱንም ረዳ።

የዕድር ገንዘብ ለቀብር የተዋጣ ስለ ሆነ ለሌላ ነገር ቢውል ዕድሩ ይፈርሳል የሚሉ አሉ። ይህ አሳብ የሚናቅ አይደለም። ድኻ ሰው ሳንቲሙን የሚያዋጣው በክብር እቀበራለሁ ብሎ ነው፤ ያንን ተስፋውን መንካት አይገባም። ነገር ግን የቀብሩ ሣጥን ለብቻው፣ የሕያዋኑ ሣጥን ለብቻው ቢሆን ችግሩ ይወገዳል። ደግሞም ሽማግሌ ከገንዘብ አስቀድሞ የሚፈልገው ነገር አለ። ውሃ መቅዳት፣ ልብስ ማጠብ፣ ወደ ጤና ጣቢያ መምራት፣ ከመንግሥት የመጣለትን ወረቀት ማንበብ፣ ተቀምጦ ማጫወት፣ እነዚህ ሁሉ የሚፈልጉት ሰውና ተራ ነው። ወሩ 30 ቀን ነው፤ 30 ቤት ያለበት ሰፈር አንድን ደካማ ሽማግሌ በተራ ቢጠይቅ፣ ለእያንዳንዱ ቤት በወር አንድ ቀን ብቻ ይደርሰዋል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ መባሉ ስለዚህ ነው።

ሥርዓት የሚያስፈልገው ሥራውን ለማቅለል ብቻ አይደለም፤ ሥርዓት የሌለው እርዳታ ወደ አድልዎ ያዘነብላልና። በሐዋርያት ሥራ በ6ኛው ምዕራፍ እንደ ተነገረው፣ በኢየሩሳሌም የነበሩ የመጀመሪያዎቹ ምእመናን በየቀኑ ምግብ ያድሉ ነበር፤ የግሪክ ቋንቋ የሚናገሩት ወገኖች ባልቴቶች ግን በእደላው ይረሱ ነበር። ወገኖቻቸው ባጕረመረሙ ጊዜ ሐዋርያት አልገሠጿቸውም፤ መልካም ምስክር ያላቸው 7 ሰዎች ለሥራው እንዲመረጡ አደረጉ እንጂ። የ7ቱም ስም የግሪክ ስም ነው፤ ስለዚህም ብዙ መምህራን እደላው በተረሱት ወገኖች እጅ እንደ ተሰጠ ያስተምራሉ። ይህ ትምህርት ለዛሬም ይሠራል። በሲዳማ ሸክላ የሚሠሩት ሐዲቾዎች፣ ሰው ሁሉ በሠሩት ዕቃ ሲጠቀም ሳለ፣ እነርሱ ግን ለረጅም ዘመን ከጋብቻና ከማዕድ ተለይተው ኖረዋል። ከእነርሱ ወገን የሆነች አሮጊት በእርጅናዋም በሙያዋም ምክንያት ልትረሳ ትችላለች። እንግዲህ የችግረኞች ስም ሲጻፍ ከዳኛው ዘመድ አይጀመር፤ ከሁሉ ርቃ ከተቀመጠችው ይጀመር። ከአስተባባሪዎቹም መካከል ተረስተው የሚያውቁ ሰዎች ይኑሩ፤ መረሳት ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ሰው ሌላውን በቀላሉ አይረሳምና።

ደግሞ የሚረዳ ሰው ከመስጠቱ በፊት ይስማ። በሲዳማ ባህል አፊኒ የሚባል ሥርዓት አለ፤ ትርጓሜውም «ሰምታችኋልን?» ማለት ነው። ሽማግሎች በሶንጎ ተቀምጠው ነገር ሲመረምሩ፣ አንዱ የሌላውን ሳይሰማ ለፍርድ አይቸኩሉም። በእርዳታ ሥራ ግን ብዙ ጊዜ ሽማግሌው ሳይጠየቅ ይሰጠዋል። ብርድ ልብስ ላለው ሰው ሌላ ብርድ ልብስ ይደረብለታል፤ እርሱ ግን የሚፈልገው ጣሪያው እንዲጠገንለት ነው። አንዳንዶችም ጥቂት ዱቄትና ሳሙና ለመስጠት ሽማግሎችን በሕዝብ ፊት አሰልፈው ፎቶግራፍ ያነሣሉ። ዱቄቱ በሳምንት ያልቃል፤ ውርደቱ ግን ይቀራል። ስጦታ በስውር ቢደርስ የተቀባዩም ክብር የሰጪውም ዋጋ ይጠበቃል። ሽማግሌም ተቀባይ ብቻ ነው ተብሎ አይታሰብ። እግሩ ቢደክም ምክሩ አይደክምም፤ ሁለት የተጣሉ ጎረቤቶችን ማስታረቅ፣ ለልጆች የአገሩን ታሪክ መንገር፣ የዘርና የመከር ወራትን ማሳወቅ ይችላል። ከእርሱ የሚገኘውን ነገር የሚቀበል ሰፈር ለእርሱ ሲሰጥ ውለታ ይመልሳል እንጂ ምጽዋት አይሰጥም።

በአዲስ አበባ ቢንያም በለጠ የመሠረቱት መቄዶንያ የተባለው የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ በጎዳና ላይ የወደቁትን እያነሣ ሲያኖር ይታወቃል፤ ሥራውም ብዙ ሕዝብ አነቃቅቷል። እንዲህ ያለ ቤት የግድ ያስፈልጋል። ነገር ግን ጎዳና ላይ የወደቀ ሽማግሌ ሁሉ አስቀድሞ የአንድ ሰፈር ጎረቤት ነበረ። የወደቀውን ማንሣት ታላቅ ሥራ ነው፤ ሳይወድቅ መደገፍ ግን የሁሉ ሰው ሥራ ነው።

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ1983 ዓ.ም. አንድ ቀን ለዓለም አረጋውያን መታሰቢያ እንዲሆን ወስኗል፤ እርሱም በአውሮፓ አቈጣጠር ኦክቶበር 1 ቀን ነው። ያ ቀን በአዳራሽ ቢከበር መልካም ነው። ዓመቱ ግን አንድ ቀን ብቻ አይደለም፤ ረኃብም የበዓልን ቀን ጠብቆ አይመጣም። ስለዚህ በሐዋሳም በሌላውም ከተማ በዓል የሚደረግበት አዳራሽ በሌሎቹ ወራት የሰፈር ዕድሮች የሚመክሩበት፣ ያልመጡት ሽማግሎች ስም የሚነበብበት፣ ማን ወደ ማን ቤት እንደሚሄድ የሚወሰንበት ቦታ ይሁን። ያን ጊዜ በአዳራሹ የሚነገረው ምርቃትና በጓዳ ያለው ኑሮ ይስማማሉ።

ይህን የሚያነብ ተማሪ ገንዘብ ስለሌለኝ ምን እረዳለሁ አይበል። ከቤቱ እስከ ትምህርት ቤቱ ባለው መንገድ ደጁ ተዘግቶ የሚውል የአንድ ሽማግሌ ቤት አይታጣም። ከወላጆቹ ጋራ ተማክሮ አንድ እንስራ ውሃ ቢያደርስ፣ አንድ ደብዳቤ ቢያነብ፣ ደኅና አደሩ ብሎ መልሱን ቆሞ ቢሰማ፣ ከብዙ ንግግር የሚበልጥ ሥራ ሠራ። ዛሬ በእግሩ የሚሮጥ ልጅ ነገ በምርኩዝ የሚሄድ ሽማግሌ ነው፤ ለጎረቤቱ ሽማግሌ የሚሠራው መልካም ልማድም ለራሱ እርጅና የሚያቆየው ስንቅ ነው።