የመቀሌው ምንጭ

ባለፈው ሳምንት ቡታጅራ ላይ ማታ ስናስተምር «ከበባ» የሚለውን ቃል ሰሌዳ ላይ ጻፍን። ሁሉም አነበበው፤ ትርጉሙ ላይ ግን ክርክር ተነሣ። አንድ አባት «ከብትን በረት አስገብቶ መዝጋት ነው» አሉ። ብዙም አልተሳሳቱም። ከበባ ማለት ጠላት ካለበት እንዳይወጣ፣ ከውጭም ምንም እንዳይገባለት ዙሪያውን መያዝ ነው። እንግዲህ ዛሬ የአንድ ከበባ ታሪክ እናነባለን።

ዘመኑ 1888 ዓ.ም. ነው። ጣልያን ከኤርትራ ተነሥቶ ትግራይ ገብቷል። ኅዳር 28 ቀን አምባላጌ ላይ ተመታ፤ የተረፈው ሸሸ። መቀሌ ላይ ግን እንዳየሱስ በሚባለው ኮረብታ ጠንካራ ምሽግ ሠርቶ ነበር። ምሽግ ማለት ወታደር ተከልሎ የሚተኩስበት ቦታ ነው። የምሽጉ አዛዥ ሻለቃ ጋሊያኖ ይባላል። ከ1000 የሚበልጡ ወታደሮች ነበሩት። ሁሉም ጣልያኖች እንዳይመስሏችሁ፤ የሚበዙት ለጣልያን የተቀጠሩ የአገሩ ልጆች፣ አስካሪዎች ናቸው።

የአፄ ምኒልክ ጦር ምሽጉን ከበበ። የኛ ሰዎች ወደ ላይ እየሮጡ ወጡ። ከላይ መድፍና ጠመንጃ ወረደባቸው። ብዙ ሰው አለቀ፤ ምሽጉ ግን አልተያዘም።

እቴጌ ጣይቱ ሌላ ነገር አዩ። ምሽጉ ውስጥ ምንጭ የለም! የሚጠጣው ውሃ ከውጭ፣ ከታች ካለው ምንጭ ተቀድቶ ነው የሚወጣው። እስቲ እናቶች፣ ይህን ነገር ከናንተ በላይ ማን ያውቀዋል? ቤት የቱንም ያህል ቢያምር፣ ውሃው ሩቅ ከሆነ እንስራ የሚሸከመው ወገብ ይናገራል። ያን ሁሉ ድንጋይ የካቡት ሰዎች እንስራ ተሸክመው አያውቁም መሰለን።

እቴጌ ምክራቸውን ነገሩ፤ ንጉሡም ተቀበሉ። 900 ያህል የእቴጌ ወታደሮች ሄደው ምንጩን ያዙ። ከዚያ በኋላ ምሽጉ ውስጥ ውሃ በመለኪያ ይታደል ጀመር። መድፉ አለ፣ ጥይቱ አለ፤ የሚጠጣ ግን የለም። ሁለት ሳምንት ያህል ከተከበቡ በኋላ፣ ጥር አጋማሽ ላይ ምሽጉን ለቀው ወጡ።

አሁን የሚያከራክረው መጣ። አፄ ምኒልክ ጋሊያኖንና ወታደሮቹን ከነመሣሪያቸው ለቀቋቸው። ተማሪዎቻችን «ጠላት ተይዞ እንዴት ይለቀቃል?» ብለው ተቆጡ። ንጉሡ ግን ዕርቅ እንደማይጠሉ ማሳየት ፈልገው ነበር። ሌላም ነገር አለ። ራስ መኮንን የተለቀቁትን እያጀቡ ሲሄዱ፣ የኢትዮጵያ ጦር በዚያው ወደ አድዋ በኩል ተጓዘ። ጣልያን የራሱ ሰዎች መሐል ስላሉ መተኮስ አልቻለም። ይህን ስንነግራቸው ግማሾቹ ሳቁ። አንዲት እናት ግን «መልሶ ቢዋጋስ?» አሉ። እውነታቸውን ነው። ጋሊያኖ ተመልሶ ተዋግቷል፤ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ሞተ። እኛ አስተማሪዎቹም በዚህ ጉዳይ እስካሁን አልተስማማንም።

የእንዳየሱስ ኮረብታ ዛሬም አለ። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ በስሙ ይጠራል።

«ከበባ»፣ «ምሽግ»፣ «ምንጭ» የሚሉትን ቃላት ደብተራችሁ ላይ ሦስት ሦስት ጊዜ ጻፉ። ወልቂጤ ያላችሁም ንጉሡ ልክ ናቸው ወይስ እኚያ እናት፣ ተከራክራችሁ ጻፉልን።