ስለ ብርድና ስለ ብየዳ

እኛ የቋንቋና የታሪክ ተማሪዎች ስለ ብረት ስንጽፍ «ምን አገባችሁ?» የሚለን አንባቢ አይጠፋም። ነገሩ የላም፣ የወተትና የሰው ክብር ነገር ስለ ሆነ ያገባናል።

ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባለው ገጠር ላሞችን የሚያዳቅለው ባለሙያ ይዞት የሚዞር ዕቃ አለ። ዕቃው ከአሉሚንየም ቅይጥ የተሠራ ነው፤ በውስጡም ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ የቀዘቀዘ ፈሳሽ ናይትሮጅን፣ በናይትሮጅኑም ውስጥ የኮርማ አባለ ዘር ይገኛል። እንደ ፔርሙዝ ሁለት ግድግዳ አለው፤ በመካከላቸው የነበረው አየር ተመጥጦ ወጥቷል። ይህን ሁሉ የሚጠብቀው ብየዳው ነው።

ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ብርድ ዕቃውን የሚሰባብረው ይመስለዋል። ለተራ ብረት እውነት ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካ በብየዳ ከሠራቻቸው «ሊበርቲ» ከተባሉት መርከቦች አንዳንዶቹ በቀዝቃዛ ባሕር ላይ ተሰንጥቀዋል። አሉሚንየም ግን ሲቀዘቅዝ ይጠነክራል እንጂ እንደ መስተዋት አይሰበርም። ድካሙ ያለው ከብየዳው ላይ ነው። አሉሚንየም በ660 ዲግሪ ሲቀልጥ፣ ላዩን የሸፈነው የኦክሳይድ ቅርፊት ግን ከ2000 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። ቅርፊቱን ሳይፍቅ፣ እርጥበቱን ሳያደርቅ የሚበይድ ሰው በመጋጠሚያው ውስጥ ጥቃቅን ቀዳዳ ይተዋል። በሙቀት እንዲጠነክር የተደረገ ቅይጥ ከሆነም፣ ከብየዳው ግራና ቀኝ ያለው ይለሰልሳል። ሊቃውንት የተበየደውን በፈሳሽ ናይትሮጅን አቀዝቅዘው በውስጡ የቀረውን ውጥረት ለማርገብ ይሞክራሉ፤ ለአንዳንዱ ቅይጥ ይረዳል፣ ለሌላው ጥቅሙ ትንሽ ነው። ቀዳዳውን ግን አይደፍንም።

መጋጠሚያው በመንገድ ተንገጫግጮ ቢሰነጠቅ አየር ይገባል፤ የዕቃው ላይ አመዳይ ያወጣል፤ ናይትሮጅኑም ይተናል። አባለ ዘሩ መሞቱን ገበሬው የሚረዳው ላሚቱ ከ21 ቀን ገደማ በኋላ እንደ ገና ኮርማ ስትፈልግ ነው። ያን ጊዜ ባለሙያው ይሰደባል፤ ላሚቱም ትወቀሳለች።

እንግዲህ ብየዳን የሚያከብር ማን ነው? በአገራችን ብረት አግሎ ውኃ ውስጥ በመንከር ማረሻን የሚያጠነክረው ቀጥቃጭ ነው። እኛ ግን «ቡዳ» አልነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከለከሉ፤ ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ፤ ስድቡ ግን ከመንደር አልጠፋም። ማረሻውን እየተቀበልን ማዕዱን ነፈግነው። ልጁ የአባቱን ሙያ ሲሸሽ፣ የብረት ዕውቀትም አብሮት ይሸሻል።

ስለዚህ ሁለት ነገር እንጠይቃለን። አንደኛ፣ በዞኑ ያሉ የሙያ ማሠልጠኛዎች የበርና የመስኮት ብየዳን ብቻ ሳይሆን፣ በአርጎን ጋዝ የሚሠራውን የአሉሚንየም ብየዳና የፍሳሽ ምርመራውን ያስተምሩ፤ የቀጥቃጭ ልጆችንም በክብር ይጥሩ። አየር የገባበት ዕቃ ተበይዶ ብቻ አይድንም፤ አየሩ እንደ ገና መመጠጥ አለበትና በየመንገዱ ዳር አይጠገን። ሁለተኛ፣ እኛ ተማሪዎች ለዕረፍት ወደ አገራችን ስንገባ ያን ስድብ በቤተ ሰባችን ፊት እንቃወም። ለዚህኛው በጀት አያስፈልግም፤ ሰበብም የለንም።