ጫት ሰዓት አለው፤ ሰውስ?

የዛሬው ረዘም ይላል፤ ሻይ በወተት ይዛችሁ አንብቡት።

ባለፈው እሑድ አንድ ቀላል ነገር አሰብኩ። እናቴን፣ የእህቴን ሁለት ልጆችና የጎረቤታችንን ኤዶን ይዤ ከጅግጅጋ ድሬዳዋ ሄጄ፣ ከዚራ የዛፍ ጥላ ስር ውለን፣ ማታ ቤታችን ልንገባ። ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው፤ የሰፈሩ ልጆች ሁሉ እንዲህ ነው የምንጠራቸው። መኪና የለኝም። ከተማችን ውስጥ አብዛኛው ሰው የለውም። ስለዚህ ጉዞው በሚኒባስ ነው።

ቅዳሜ ማታ ዕቅዱን ወረቀት ላይ አሰፈርኩ። ጠዋት 12 ሰዓት መናኸሪያ፣ 3 ሰዓት ሐረር፣ 4 ሰዓት ተኩል ከዚራ። ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት መነሻ፣ ምሽት 1 ሰዓት ቤት። ጥላ ስር አራት ሰዓት ተኩል። በቂ ነው።

የሆነውን ልንገራችሁ።

በ12 ሰዓት መናኸሪያ ደረስን። ቀጥታ ድሬ የሚሄደው ባዶ ነበር፤ የሐረሩ ሊሞላ ነው ተባልን። ረዳቱ «አቦ ሁለት ሰው ነው የቀረን፣ ግቡ!» አለን። ገባን። ያ ሁለት ሰው ለአንድ ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ ሁለት ሆኖ ቆየ። መሀል ላይ ከፊታችን የተቀመጡት ሦስት «ተሳፋሪዎች» ወርደው ሌላ ሚኒባስ ውስጥ ገቡ። ለካ ሰው ለመጥራት የተቀመጡ የረዳቱ ጓደኞች ናቸው። ይህን የማያውቅ የአገሬ መንገደኛ ያለ አይመስለኝም።

1 ሰዓት ከ50 ላይ ወጣን። ካራማራን ወጥተን ፋፈንን አለፍን። የዳካታን የድንጋይ ክምር ልጆቹ በመስኮት እየጠቆሙ ተሳሳቁበት። ፍተሻ ላይ ወርደን መታወቂያ አሳየን፣ ተመልሰን ገባን። ኤዶ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ መውረዱም መውጣቱም የራሱ ጉዞ ነው። ሐረር 4 ሰዓት ከ10፣ ሌላ ሚኒባስ፣ ሌላ «እስኪሞላ»። አወዳይን፣ ሐረማያን፣ ደንገጎን አልፈን ከዚራ የተቀመጥነው 6 ሰዓት ከ10 ላይ ነበር። ወዲያው አንድ የባጃጅ ሹፌር ምክር ሰጠን፤ «ጅግጅጋ ከሆናችሁ ከሐረር ከ10 ሰዓት በኋላ መኪና አትተማመኑ፤ በ8 ሰዓት ተነሡ።»

ተነሣን። ቤት የገባነው ማታ 12 ሰዓት ከ40 ነው። ከ12 ሰዓት በላይ ከቤት ውጭ ቆይተን ጥላ ስር የተቀመጥነው አንድ ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ ብቻ። መናኸሪያ ውስጥ ቆሞ ሰው የጠበቀው ሚኒባስም ልክ ይህንኑ ያህል ወስዶብናል።

አሁን ወደ ነገሬ ልምጣ።

አንድ መናፈሻ «የሕዝብ» የሚባለው በሩ ለሁሉም ስለተከፈተ ብቻ አይደለም። ሰው ሄዶ ሊመለስበት ሲችል ነው። መመለሻ የሌለው መናፈሻ፣ ማንም ምንም ይበለው፣ የባለ መኪና መናፈሻ ነው።

ምሳሌ ልጨምር። የባቢሌ የዝሆን መጠለያ በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመ፣ ወደ 7 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ የሕዝብ መሬት ነው። ከፊሉ እዚሁ ሶማሌ ክልል ውስጥ ነው። ሚኒባሱ ባቢሌ ከተማ ያወርድሃል፤ ከዚያ ወዲያ ያለ ጠንካራ መኪናና ያለ ጠባቂ ዝሆኖቹ ጋ አትደርስም። የጅግጅጋ ተማሪ ዝሆን የሚያየው ስልኩ ላይ ነው። ጉለሌ ዕፅዋት ማዕከልማ ከእኛ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚርቅ የደርሶ መልስ ወሬ የለውም።

«ጥፋቱ የሹፌሮቹ ነው» የምትሉ አላችሁ። አይደለም። ሹፌሩ ለባለ መኪናው ገቢ ያስገባል፣ ነዳጅ ይሞላል፤ ባዶ የሄደ ወንበር ከኪሱ ነው። እሱ ቦታ ላይ ብሆን እኔም እስኪሞላ እቆማለሁ። ችግሩ የመንገደኛው ሰዓት ባለቤት የሌለው መሆኑ ነው።

ሰዓት ይከበር ከተባለ እንደሚከበር ግን እናውቃለን። በዚሁ አስፋልት ላይ፣ በተቃራኒው አቅጣጫ፣ ከአወዳይ ተነሥቶ ወደ ጅግጅጋና ወደ ቶጎ ውጫሌ የሚበር አንድ ነገር አለ፤ ጫት። የጫት መኪና ስንት ሰዓት እንደሚገባ ከተማው ሁሉ ያውቃል። ቢዘገይ ሰው ስልክ ይደዋወላል። መንገድ ይለቀቅለታል። ለምን? ጫት ይጠወልጋላ! ሰው ግን አይጠወልግም ተብሎ ነው መሰለኝ። ኤዶ በ1 ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ ውስጥ እንዴት እንደጠወለጉ እኔ አይቻለሁ።

ሁለተኛው ነገር፣ በዚህ 150 ኪሎ ሜትር አካባቢ በሆነ መንገድ ላይ ከሶማሌ ክልል ወደ ኦሮሚያ፣ ከኦሮሚያ ወደ ሐረሪ፣ ከሐረሪ መልሰን ወደ ኦሮሚያ፣ ከዚያ ወደ ድሬዳዋ አስተዳደር እንገባለን። አራት አስተዳደር፣ አራት ጊዜ ወሰን። እያንዳንዱ የራሱን መናኸሪያ ይቆጣጠራል፤ ከአንዱ ተነሥቶ ሌላው ጋ የሚደርሰውን፣ ማታ የሚመለሰውን ሰው ግን የእኔ ነው የሚል የለም።

የሚገርመው መጨረሻችን የነበረችው ድሬዳዋ ራሷ የተወለደችው ከሰዓት ሰሌዳ ነው። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ከጅቡቲ መጥቶ እዚያ ሜዳ ላይ ቆመ፤ ከዚራም በባቡሩ ሰዎች ተነደፈ፣ ዛፉም ተተከለ። ሽንሌ፣ አዲጋላ፣ አይሻ፣ ደወሌ የሚባሉት የሶማሌ ክልል ከተሞች ከዚያ ሐዲድ ዳር የቆሙ ናቸው። ከመቶ ዓመት በፊት እዚህ ምድር ላይ ሰው ሰዓት አይቶ ይሳፈር ነበር ማለት ነው። እኛ ዛሬ «ሁለት ሰው ቀረ» ላይ ነን።

እዚህ ጋ አንድ ተቃውሞ ይመጣል፤ ሁልጊዜም ይመጣል። «ድርቅ ባለበት፣ ውሃ በቦቴ በሚቀርብበት ክልል ስለ መናፈሻ ታወራለህ? ቅንጦት!»

ወንድሜ፣ ጥላ ለሶማሌ ከመቼ ወዲህ ነው ቅንጦት የሆነው? ሽማግሌ ተሰብስቦ በሄር የሚዳኘው፣ ደም የሚያደርቀው፣ ጋብቻ የሚያስረው ከዛፍ ስር ነው። ኦሮሞው ኦዳ አለው፣ አማራው ዋርካ አለው። በዚህ ፀሐይ ዛፍ የሕዝብ አዳራሽ ነው፤ ኪራይ የማይጠየቅበት። ቤቱ ቆርቆሮ የሆነ ሰው ነው ይበልጥ የሚያስፈልገው። ባለ ፎቁማ ማቀዝቀዣ አለው።

ሌላው ደግሞ «መኪና ግዛ» ይላል። ከ120 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ባለባት አገር ያለው ተሽከርካሪ፣ ጭነቱም አውቶቡሱም ተደምሮ፣ 1.2 ሚሊዮን ገደማ እንደሆነ ነው ሲነገር የቆየው። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ መኪና ማስገባት ተከልክሏል፤ የኤሌክትሪኩ ዋጋ ደግሞ ለነፃ ጋዜጠኛ የሚቀመስ አይደለም። «መኪና ግዛ» የሚለው ምክር ሲተረጎም «ቤትህ ተቀመጥ» ነው።

ችግኝ መትከል እንችልበታለን። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ተተከለ ተብሎ ዓለም ሰምቶልናል። የኮሪደር ልማቱም ጅግጅጋ ደርሷል፤ የእግረኛ መንገዱን እኔም ወድጄዋለሁ። ነገር ግን የተተከለውን የምንቆጥረውን ያህል፣ ስር የተቀመጠውን ሰው ቆጥረን እናውቃለን?

ስለዚህ ጥያቄዬ ሦስት ነው፤ ሦስቱም ቢሊዮን አይጠይቁም።

አንደኛ፣ እሑድ እሑድ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ከጅግጅጋ ድሬዳዋ፣ ከሰዓት በኋላ 9 ሰዓት ከድሬዳዋ ጅግጅጋ፣ ሞላም አልሞላም የሚነሣ አንድ አውቶቡስ። ያልሞላውን ወንበር አስተዳደሮቹ ተካፍለው ይክፈሉ። አዲስ አበባ የከተማ አውቶቡስን ታሪፍ በድጎማ ነው የያዘችው፤ አዲስ ነገር አልጠየቅኩም።

ሁለተኛ፣ በየመናኸሪያው የመጨረሻው መኪና የሚወጣበት ሰዓት በአማርኛ፣ በሶማሊኛና በኦሮምኛ ተጽፎ ይለጠፍ። አንድ ሰሌዳና አንድ ባልዲ ቀለም ነው።

ሦስተኛ፣ ጅግጅጋ ውስጥ በእግር ወይም በባጃጅ የሚደረስበት፣ ሻይ ግዙ ተብሎ የማይነሡበት፣ አግዳሚ ወንበር ያለው እውነተኛ ጥላ። አበባ በአጥር ከልሎ ማሳየት አይቆጠርም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ይባል የለ?

እስከዚያው መሄድ ለምትፈልጉ፣ ከእኔ ስሕተት ተማሩ። ዕቅዳችሁን ከመመለሻው ጀምሩ፤ የመጨረሻውን መኪና ሰዓት ሳታውቁ አትውጡ። 11 ሰዓት ተኩል መናኸሪያ ድረሱ። ቀጥታ ድሬ የሚሄደው ግማሽ ከሞላ እሱን ጠብቁ፤ ሐረር ላይ መቀየር ሌላ መጠበቅ ነው። መታወቂያችሁን ኪስ ውስጥ እንጂ ሻንጣ ውስጥ አታድርጉ። ለልጆች ወንበር ክፈሉ፤ ስድስት ሰዓት ጭን ላይ አይኬድም። አርብ የጁምዓ ሰላት ሰዓት ላይ መኪና ይሳሳል፣ ሌላ ቀን ምረጡ። ጉልበት የሚያመው ሰው ካለ በሩ አጠገብ አስቀምጡት።

ትናንት ማታ ኤዶ በር ላይ አገኙኝ። ተቆጥተው ይሆናል ብዬ ነበር። «ዛፉ ጥሩ ነበር» አሉኝ፤ «መቼ ነው ተመልሰን የምንሄደው?»

መልስ አልነበረኝም። መልሱ ያለው መሥሪያ ቤት ካነበበው ይጻፍልኝ። ያልተስማማም ይሞግተኝ፤ ግን መጀመሪያ አንድ እሑድ በሚኒባስ ደርሶ ይመለስ። የተስማማ ሼር ያድርግ።