በዶቅዶቄ ወደ ግሽ ዓባይ

ዛሬ የምንነግራችሁ ስለ አንድ ቀን ጉዞ ነው። ጊዜው 2015 ዓ.ም. ጥር ወር፣ ዕለቱ ቅዳሜ ነበር። አዝመራው ተሰብስቧል። መሬቱ ደርቋል። ሰባት ሞተር ብስክሌቶች ከፍኖተ ሰላም አብረው ተነሱ። ሞተር ብስክሌት ማለት እናንተ ዶቅዶቄ የምትሉት ነው። እኛ ሁለት አስተማሪዎች መንዳት ስለማንችል ከኋላ ተፈናጠጥን።

በቡሬ አድርገን ቲሊሊ እስክንደርስ መንገዱ አስፋልት ነው። ስለ እሱ ብዙ የምንለው የለም፤ የማለዳው ብርድ ግን ጣት ይቆርጣል። ከቲሊሊ ወደ ሰከላ ስንታጠፍ አስፋልቱን ተውን። ቀጥሎም ጠጠሩን ትተን የእግር መንገድ ያዝን። የመጣነውም ለዚሁ ነበር።

ተሰብስቦ መጋለብ ለአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። ጎረቤቶቻችን አገዎች በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ የፈረሰኞች ማኅበር አላቸው። በዓላቸውም ጥር 23 ቀን ነው። በዶቅዶቄ ደግሞ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1913 በእንግሊዝ አገር የስድስት ቀን ውድድር ተጀመረ። በዚያ ውድድር ፍጥነት ብቻ አይበቃም። ዶቅዶቄው ቢበላሽ ነጂው ራሱ ይጠግናል።

የእኛ ጉዞ ውድድር አልነበረም። መሪው ከፊት፣ መካኒኩ ከሁሉ ኋላ ሆኑ። መካኒኩ ካንዴላ፣ የጎማ መለጠፊያና መንፊያ ይዟል። ሕጉ አንድ ነው። መንታ መንገድ ላይ የደረሰ ሰው ቆሞ የኋላውን ይጠብቃል። የኋላው ካልመጣ ሊፈልገው ይመለሳል። እንዲህ ከሆነ ማንም አይጠፋም።

ቁልቁለት ላይ ነጂው አንደኛ ማርሽ ያስገባል፤ ሞተሩ ራሱ ጎማውን ይገታዋል። የፊቱን ፍሬን ድንገት የያዘ ሰው ይንሸራተታል። አንዱ እንዲህ ሲያደርግ ወደቀ። የራስ ቁር አድርጎ ስለ ነበር ሳቅን። ባያደርግ ኖሮ አንስቅም ነበር። ዳገት ሲመጣ እኛ ወርደን እንገፋለን። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ከተፈናጠጥንበት የገፋንበት ይበልጣል!

ከአንድ ጉብታ ሥር ሳቃችን ቆመ። አንዲት እናት ገንቦ በአህያ ጭነው ወደ ገበያ ይሄዱ ነበር። ስድስተኛው ዶቅዶቄ ፍጥነቱን ሳይቀንስ በጎናቸው አለፈ። አህያዋ በረገገች። አራት ገንቦ ተሰበረ። ነጂው ግን ሄደ። ከሁለታችን አንዳችን ከመካኒኩ ኋላ ስለ ነበርን ሁሉን አየን።

መካኒኩ ሞተሩን አጠፋና «ከዚህ አንሄድም» አለ። አህያዋን ይዘን ተቀመጥን። ሕጉ ሠራ። ስድስተኛው ነጂ መንታው ላይ ጠብቆ፣ ጠብቆ፣ ሲቸግረው ተመለሰ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እናቴ፣ ስንት ነው?» አለ እጁን ኪሱ ውስጥ ከትቶ።

«ሁለት ሳምንት» አሉት።

ዋጋውን መስሎት ነበር የጠየቀው። እሳቸው ግን ሥራውን ነገሩት። ጭቃውን መቆፈር አለ። መውቀጥ፣ ማቡካት፣ መሥራት፣ በጥላ ማድረቅ፣ ከዚያም መተኮስ አለ። ልጁ አንገቱን ደፋ። ያለውን ሰጠ፤ እኛም ጨመርንበት። ገንዘቡን ቆጥረው ተቀበሉ። ከዚያ ወደ ታርጋው ጎንበስ አሉ። «አ... ማ...» አሉና ቁጥሩን አንድ በአንድ አነበቡት።

«ፊደል የቆጠርኩት ዘንድሮ ነው» አሉ። «ነገ ሌላ ሰው ብታስደነግጥ፣ ማንን እንደምከስ አውቃለሁ።»

ከዚያ ወዲያ ከብት ባየን ቁጥር ሞተር እያጠፋን አለፍን። ስለዚህ ግሽ ዓባይ የደረስነው ዘግይተን፣ በስምንት ሰዓት ነው። ዶቅዶቄዎቹን ራቅ አድርገን አቁመን በእግር ሄድን። ምንጩ ትንሽ ነው። ከዚያ የሚነሳው ግልገል ዓባይ ጣና ይገባል። ይህን ለማየት ጄምስ ብሩስ የተባለ ሰው በፈረንጆች 1770 ከስኮትላንድ ድረስ መጥቷል። እኛ ቁርስ በልተን ስለ ነበር ወደ ጠበሉ አልቀረብንም፤ ከሩቅ ተሳልመን ተመለስን።

ስንመለስ የገንቦው ስብርባሪ አሁንም መንገዱ ላይ ነበር። ስድስተኛው ነጂ ወረደና ለቀመው፤ በባዶ እግሩ የሚያልፍ ሰው አለና። ሌሎቻችን ሞተር አጥፍተን ጠበቅነው። ቲሊሊ ስንደርስ መሽቶ ነበር።