የቴክኖሎጂ ሠራተኛው ማኅበርና የባሕር ዳር ነጋዴ

ንግድ በመተማመን የሚቆም ሥራ መሆኑን የማያውቅ ነጋዴ የለም። ቀድሞ የዘጌ ቡና በታንኳ ተጭኖ ባሕር ዳር ሲደርስ፥ ሻጭና ገዥ ፊት ለፊት ተያይተው፥ ሚዛኑን ተመልክተው፥ ገንዘቡን ቆጥረው ይለያዩ ነበር። ዛሬ ግን በሁለቱ መካከል ሦስተኛ ሰው ገብቷል። ቴሌብር በግንቦት ወር 2013 ዓ.ም. ሥራውን ከጀመረ ወዲህ በስልክ መክፈልና መቀበል በገበያው ተለምዷል፤ አስመጪውም ሆነ ላኪው ከውጭ አገር ደንበኛው ጋር የሚጻጻፈው በኢንተርኔት ነው፤ የመጋዘን ሒሳብም በኮምፒዩተር ይያዛል። ይህንን ሁሉ የሚዘረጋው፥ የሚጠግነውና የሚጠብቀው ሠራተኛ ግን፥ መሣሪያው ሲበላሽ ካልሆነ በቀር ስሙ አይነሣም።

ይህ ሠራተኛ የሞባይልና የኮምፒዩተር ጠጋኙ፥ የሒሳብ ፕሮግራም ጫኙ፥ የኔትወርክ መስመር ዘርጊው፥ በስልክ ገንዘብ በሚያስተላልፍ ወኪል ዘንድ ተቀጥሮ የሚውለው ወጣት ነው። ብዙ ጊዜ ሦስትና አራት ሆኖ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ይሠራል፤ ውሉ የቃል፥ ደመወዙም ከገቢ ላይ የሚታሰብ ኮሚሽን የሆነበት ጥቂት አይደለም። ቅሬታ ሲያድርበት የሚነግረው ወገን ስለሌለው፥ አንድ ቀን ጠዋት ሳይመጣ ይቀራል። የይለፍ ቃሉን፥ የመሣሪያውን አያያዝና ያልተጠናቀቀውን ሥራ በልቡ ይዞ ይሄዳል። ነጋዴው ይህንን የሠራተኛ አመል ብሎ ያልፈዋል፤ ነገሩ ግን የመነጋገሪያ መንገድ ከማጣት የመጣ ነው።

ሠራተኛና አሠሪ በጋራ ውል የሚተዳደሩበት ሥርዓት ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1961 ሲቋቋም፥ በ1963ም የፖሊቴክኒክ ተቋም በሶቭየት ኅብረት እርዳታ ሲከፈት፥ ከተማዪቱ የፋብሪካና የቴክኒክ ሠራተኛ መኖሪያ ሆነች። በዚያው በ1963 አዋጅ ቁጥር 210 ለሠራተኛ ማኅበራት ሕጋዊ መሠረት ሰጠ፤ የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበርም ተመሠረተ። የፋብሪካ ሠራተኛ በአንድ ጣሪያ ሥር ውሎ በአንድ ሰዓት የሚገባና የሚወጣ ስለሆነ፥ ለመሰብሰብ እምብዛም አይቸገርም። የሞባይል ጠጋኙ ባልንጀራ ግን የሚገኘው ከሦስት መንገድ ማዶ፥ በሌላ አሠሪ ሱቅ ውስጥ ነው። እንግዲህ የዛሬው ጥያቄ እነዚህ የተበታተኑ ሠራተኞች በምን መንገድ ይሰበሰባሉ የሚል ነው።

ሕጉ ለዚህ በር ከፍቷል። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዐሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ባሉበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም እንደሚቻል ይደነግጋል። ከዐሥር ያነሱ ሠራተኞች ባሏቸው ድርጅቶች የሚሠሩትም ተሰባስበው፥ የአባላቱ ቁጥር ከዐሥር እስካላነሰ ድረስ፥ ጠቅላላ የሠራተኛ ማኅበር እንዲያቋቁሙ ይፈቅዳል። ስለዚህ በአራት ሱቆች የሚሠሩ ዐሥራ ሁለት ጠጋኞች አንድ ማኅበር መሆን ይችላሉ። በራሱ ኃላፊነት ለልዩ ልዩ ደንበኞች የሚሠራው ባለሙያ ግን በዚህ አዋጅ አይሸፈንም፤ እርሱ በኅብረት ሥራ ወይም በሙያ ማኅበር መደራጀት ይኖርበታል።

ያለ ማኅበር የመቅረት ዋጋ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ታይቷል። በዐማራ ክልል ግጭት ተነሥቶ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ፥ ነጋዴው ገበያውን፥ በኮሚሽን የሚያድረው ሠራተኛ ደግሞ የዕለት ጉርሱን አጣ። ከዐቅም በላይ በሆነ ምክንያት ሥራ ሲቆም የሥራ ውል ለጊዜው ስለሚታገድበት ሁኔታ ሕጉ ይናገራል። ነገር ግን ሱቁ ክፍት ሆኖ ሥራው ሲመነምን ኪሳራውን ማን፥ ምን ያህል ይሸከም? አሠሪና ሠራተኛ ይህንን አስቀድመው በኅብረት ስምምነት ካልወሰኑት፥ ጉዳዩ በየሱቁ ክርክርና ቂም ሆኖ ይቀራል።

የሠራተኛው ችግር በእርሱ ላይ ብቻ እንደማይቀር በናይሮቢ የሆነው ነገር ያስረዳል። በዚያች ከተማ በተቋራጭ ድርጅት ተቀጥረው፥ በፌስቡክ ላይ በአማርኛና በሌሎች ቋንቋዎች የሚወጣውን አስከፊ ጽሑፍና ሥዕል ሲያጣሩ ከሚውሉት መካከል ኢትዮጵያውያን ነበሩ። እ.ኤ.አ. ሜይ 1 ቀን 2023 ይህንን የመሰለ ሥራ የሚሠሩ ከ150 የሚበልጡ ሰዎች በናይሮቢ ተሰብስበው ማኅበር ለማቋቋም ወሰኑ። ከዚያ ቀደም ብሎ፥ በዲሴምበር 2022፥ የፌስቡክ ባለቤት በሆነው በሜታ ላይ በዚያው ከተማ ክስ ቀርቦ ነበር። ከሳሾቹ እንደሚሉት፥ በኖቬምበር 2021 በባሕር ዳር በተገደሉት የዩኒቨርሲቲ መምህር ላይ አስቀድሞ በፌስቡክ ጥላቻ ተሰብኮ ነበር፤ ድርጅቱም የአካባቢውን ቋንቋዎች የሚያጣራ በቂ ሰው አልመደበም። ፍርዱ የችሎቱ ነው። ሆኖም በሩቅ ከተማ የተቀመጠ ሠራተኛ የሥራ ሁኔታ ለጣና ዳር ነዋሪ የሕይወት ጉዳይ ሊሆን እንደሚችል መዘንጋት አይገባም።

ማኅበር ሲባል በብዙ ነጋዴ ልብ የሚመጣው አድማ ነው። ስጋቱ መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። የተደራጀ ሠራተኛ የትርፍ ሰዓት ክፍያውን፥ የሳምንት ዕረፍቱንና የዓመት ፈቃዱን ይጠይቃል፤ ይህም ወጪ ነው። ነገር ግን እነዚህ ሕጉ ቀድሞ የደነገጋቸው መብቶች እንጂ ማኅበሩ የሚፈጥራቸው ዕዳዎች አይደሉም። አድማም ቢሆን የ10 ቀን ማስጠንቀቂያ፥ እንዲሁም ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው አባል በተገኘበት ስብሰባ የአብላጫ ድምፅ ያስፈልገዋል፤ በቴሌኮሙኒኬሽን አገልግሎት ደግሞ ጨርሶ የተከለከለ ነው። ሳይናገር ጠፍቶ የሚሄደው ሠራተኛ ግን የአንድ ሰዓት ማስጠንቀቂያ እንኳ አይሰጥም።

ከዚህም ጋር ማኅበሩ ከራሳቸው ከሠራተኞቹ የመነጨ ሊሆን ይገባዋል። ደርግ እ.ኤ.አ. በ1975 የአንድነት ማኅበሩን አፍርሶ በ1977 የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበርን ሲያቆም፥ ማኅበር የሚለው ስም ቢኖርም ድምፁ የመንግሥት ሆነ። በአሠሪው ገንዘብና ፈቃድ የሚቆም ማኅበርም ለአሠሪው አይጠቅመውም፤ ሠራተኛው የማያምነው ተወካይ የፈረመውን ውል ሠራተኛው አያከብረውምና።

ስለዚህ ከባሕር ዳር ነጋዴ ሦስት ነገር ይጠበቃል። አንደኛ፥ ለቀጠረው ባለሙያ ደመወዙን፥ የሥራ ሰዓቱንና የሥራ ርክክቡን የሚገልጽ የጽሑፍ ውል ይስጥ። ሁለተኛ፥ ለመደራጀት የተሰበሰበውን ሠራተኛ በዐይነ ቁራኛ ከመመልከትና ከማሰናበት ይታቀብ። ሦስተኛ፥ ማኅበሩ በቆመ ጊዜ አንድ አንድ ባለሱቅ ለየብቻው ከሚከራከር ይልቅ፥ አሠሪዎች በንግድ ምክር ቤታቸው በኩል ተሰብስበው የኔትወርክ መቋረጥን፥ የኮሚሽን አከፋፈልንና የሙያ ሥልጠናን የሚመለከት አንድ ስምምነት ይደራደሩ።

ነጋዴው ራሱ በዕቁቡ፥ በእድሩና በንግድ ምክር ቤቱ የተደራጀ ሰው ነው። በመደራጀት ያገኘውን ጥቅም ጠንቅቆ ስለሚያውቀው፥ ያንኑ ለሠራተኛው ሊነፍገው አይገባም።